ጫፉን ተዉት፣ ደኑን እዩ

ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እስከ ሱባ ጽድ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ተራሮች ላይ ቀስ ብሎ መራመድ ምን ያሳያል?

አዲስ አበባ በተራራ የተከበበች መሆኗን የማያውቅ ነዋሪ የለም። ተራሮቹን በስም የሚጠራ ግን ብዙ አይደለም። በሰሜን እንጦጦ አለ፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ይገኛሉ። ዝናብ አየሩን ባጠበ ማግስት በፉሪና በየረር መካከል፣ ራቅ ብሎ ብቻውን ቆሞ የሚታየው ዝቋላ ነው። እነዚህ ሁሉ በጥንት ዘመን እሳት ተፍተው የበረዱ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ ከቤቱ ወጥቶ ወደ እነዚህ ተራሮች የሚሄድ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ሌላው ዓለም ተራራ ብሎ ከሚጠራው ከፍታ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቅዳሜና እሑድ በነዚህ ተራሮች ላይ እግር በዝቷል። ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ሞልተው የሚወጡ ቡድኖች አሉ፤ ቀጠሮው በቴሌግራም፣ ጫማው ስኒከር፣ ስንቁ ዳቦና ሙዝ። ተራራ መውጣት ለንግሥ፣ ለጸበልና ለእረኝነት ብቻ በነበረበት አገር ወጣቱ ለዓይኑና ለሳንባው ሲል መውጣት መጀመሩ ደስ ያሰኛል። አንድ ነገር ግን ይከነክናል፤ ሩጫው ሁሉ ወደ ጫፍ ነው። ጫፍ ይደረሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይጨበጨባል፣ ይወረዳል። በመካከል ያለው የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ ማለፊያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከጫፍ የሚታየው በአመዛኙ ከተማው ነው፤ ከተማውን ደግሞ በየቀኑ እናየዋለን። የማናውቀው ከእግራችን ሥር ያለውን አፈርና ከትከሻችን ጎን የቆመውን ዛፍ ነው። ይህን ለማየት እንጦጦንና ወጨጫን ተራ በተራ መውጣት ይበቃል። ሁለቱም በደን የተሸፈኑ ናቸው፤ ሁለቱም ደኖች የሰው እጅ አለባቸው። በውስጣቸው ሲኬድ ግን ፍጹም አይመሳሰሉም።

እንጦጦ፦ ማገዶ ያቆመው ደን

ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦ ላይ የከተሙት ቦታው ለመከላከያ ስለሚመች ነበር። ለኑሮ ግን አልተመቸም። ብርዱ ከባድ ነው፣ ነፋሱ አያባራም፣ ውኃውም እንጨቱም ሩቅ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከታች ያለውን ፍል ውኃ ወደዱትና በ1879 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከዚያም በኋላ ቢሆን ተራራው ክብሩን አላጣም፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በ1882 እዚያው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው።

አዲሲቱ ከተማ ግን እንጨት በላች። ለቤት ሥራ፣ ለአጥር፣ ለምጣድ፣ ለምድጃ እየተባለ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ ወስደው አዲስ ዓለም ላይ ሊተክሉ አስበው፣ ቤተ መንግሥትም ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ ያ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ መናገሻዋም ከአዲስ አበባ አልተነሣችም። ከተማዋን በቦታዋ ካቆዩት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ከውጭ የመጣው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ከብትም ቅጠሉን አይነካውም። ለማገዶ ለተራበች ከተማ ከዚህ የተሻለ ሊገኝ አይችልም ነበር። ዛሬ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የምናየው አረንጓዴ ተራራ ዕድሜው ከከተማዋ ያነሰ ነው።

በዚህ ደን ውስጥ ስትሄዱ ዝቅ ብላችሁ መሬቱን ተመልከቱ። ሥሩ ባዶ ነው። ቁጥቋጦ የለም፣ ሐረግ የለም፣ የወፍ ድምፅ ሳሳ ያለ ነው። የወደቀው ቅጠልም አያድርም፤ እንጀራ ለመጋገር ተጠርጎ ይወሰዳል። ጠራጊዎቹና ተሸካሚዎቹ ሴቶች ናቸው። ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸውን አጉብጠው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ለእግር ጉዞ የወጣው ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል። ይልቀቅ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ቆም ለማለት የሚቸገረው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በዚያው ዳገት ላይ አትሌቶቻችንም በማለዳ ይሮጣሉ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጨምሮ ብዙዎች ሳንባቸውን ያሰፉት በዚህ ስስ አየር ነው።

እንጦጦን ይበልጥ እንድወደው ያደረገኝ ግን ዛፉም ታሪኩም አይደለም፤ ውኃው ነው። የተራራው ጀርባ የሁለት ተፋሰሶች ወሰን ነው። በደቡቡ ፊት የወረደ ዝናብ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በሰሜኑ ፊት የወረደው ወደ አባይ ሄዶ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ሸንተረሩ ላይ ቆሞ ኮዳውን የሚያራግፍ ሰው ውኃው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው በግማሽ እርምጃ ነው።

በ2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የፈረስ ግልቢያና የብስክሌት መንገድ ይዞ መጥቷል፤ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ጥሩ ነው። ለእግረኛ ግን ከማርያም ወደ ራጉኤል ያለውን መንገድ እመርጣለሁ። በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ አሁንም ጽድና ወይራ አለ። ከባሕር ዛፉ ወጥቶ ወደ ቅጥሩ የሚገባ ሰው ሽታው ሲለወጥ ያውቀዋል፤ ተራራው ከማገዶው ዘመን በፊት ምን ለብሶ እንደነበር የሚነግሩት እነዚያ ዛፎች ናቸው። ሙሉ ልብሱን ማየት ለሚፈልግ ግን መንገዱ ወደ ምዕራብ ነው።

ሱባ፦ ተዘርቶ የተጠበቀው

መጀመሪያ አንድ ግራ መጋባት እናጥራ። በአምቦ መንገድ በመናገሻ ከተማ አጠገብ፣ አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያለው ትንሽ ተራራ አለ፤ መናገሻ የሚባለው እሱ ነው። የመናገሻ ሱባ ደን የሚገኘው ግን በሌላኛው ትልቅ ተራራ፣ በወጨጫ ምዕራባዊና ደቡብ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ነው። ሁለት መግቢያ መንገድ አለው፤ አንዱ በጅማ መንገድ ሰበታ ደርሶ የሚታጠፈው፣ ሌላው በሆለታ በኩል የሚመጣው። በሁለቱም በኩል መጨረሻው የጠጠር መንገድ ስለሆነ በክረምት ዝቅ ያለ መኪና ይዞ መሄድ አይመከርም።

ደኑ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ያስተከሉት እንደሆነ ይነገራል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት እኚህ ንጉሥ ተራራው መራቆቱን አይተው፣ በአንኮበር አካባቢ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳዘሩበት ትውፊቱ ያስረዳል። ይህን ይዘው ሱባን በአፍሪካ ከሁሉ አስቀድሞ ጥበቃ የተደረገለት ደን የሚሉት ጥቂት አይደሉም። የቀዳሚነቱን ክርክር ለታሪክ ሰዎች እንተወው። ለእኔ የሚበልጠው የዘሩ ሳይሆን ከዘሩ በኋላ ያለው ነገር ነው፤ ዘር መዝራት የአንድ ክረምት ሥራ ነው፤ መጥረቢያን መከልከል ግን ከንጉሥ ወደ ንጉሥ፣ ከመንግሥት ወደ መንግሥት መተላለፍ ነበረበት። ምኒልክም የእንጨት ረሃቡ በበረታበት በዚያው ዘመን ሱባን በመንግሥት ጥበቃ ሥር አድርገውታል። ወፍ ዋሻም፣ ዘሩን የሰጠው፣ በሰሜን ሸዋ እስካሁን አለ።

ከበሩ ገብታችሁ መጀመሪያ የምታገኙት የተተከለ ደን ነው። የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ በረድፍ ቆመዋል፤ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ዕድሜያቸው እኩል ነው፣ በመካከላቸው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ማየት ይቻላል። ብዙ ጎብኚ ይህን አይቶ ደን አየሁ ብሎ ይመለሳል። አትመለሱ። መንገዱ ወደ ላይ ሲቀጥል ረድፉ በድንገት ይፈርሳል፤ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ አየሩ ይረጥባል፣ የአገሩ ጽድ ይጀምራል።

የሱባን ጽድ ለማየት አንገት መቅናት አለበት። ግንዱን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው አለ፤ ቅርፊቱ በቁመት እየተላጠ እንደ አሮጌ ብራና ተንጠልጥሏል። አንዳንዶቹ ከ400 ዓመት በላይ ቆመዋል ይባላል። ውስጣቸው የተቦረቦረ፣ ሰው ገብቶ ከዝናብ ሊጠለልባቸው የሚችል አሉ። የአገራችን አናጢዎች ይህን እንጨት ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶና ለበር የመረጡት ምስጥ ስለማይደፍረው ነው። በጥሩነቱ ምክንያት በየቦታው አልቆ፣ ዛሬ እንዲህ ዓይነቱን ግዙፍ ጽድ ከአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውጭ ማግኘት ብርቅ ሆኗል።

በጽዱ ሥር ያለው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ወይራው አለ፤ ጋን የሚታጠንበት፣ የወተት ዕቃ የሚጨስበት። ዝግባ አለ። ጥቁር እንጨት አለ፤ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚፈለግ በዓለም አቀፍ ንግዱ ላይ ቁጥጥር የተደረገበት ዛፍ ነው። ኮሶ አለ፤ ሴቴዋ ቀላ ያለውን አበባዋን አንጠልጥላ ስትቆም ጥሬ ሥጋ የሚወዱ አባቶቻችን በየጊዜው ፊታቸውን አጨፍግገው የጠጡት መድኃኒት ይህ መሆኑን ማመን ያስቸግራል። ቀጋውና አጋሙ ከመንገዱ ዳር ናቸው። ሳማም አለ፤ ቁምጣ ለብሶ የሚመጣውን ሰው እሱ ራሱ ያስተምረዋል።

ድምፅ መስማት የሚፈልግ በማለዳ ይምጣ። ጎህ ሲቀድ ከዛፍ አናት የሚነሣውን የሚያስገመግም ጩኸት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ነብር መስሎት ይደነግጣል፤ ጉሬዛ ነው። ጥቁርና ነጭ ካባውን ለብሶ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ነጩ ፀጉር በአየር ላይ ይበተናል። በዚህ ካባው ምክንያት ለዘመናት ታድኗል፤ ቆዳው ለምንጣፍና ለጌጥ ይሸጥ ነበር። ጉሬዛ ዋና ቀለቡ ቅጠል ነው፤ ጨጓራው እንደሚያመሰኳ ከብት በክፍል የተከፋፈለ በመሆኑ ሌላው ዝንጀሮ የማይፈጨውን ይፈጫል። ስለዚህ ወደ ሰው አይጠጋም፣ ስንቅም አይቀማም። ስንቅ የሚቀማው ሌላው ነው፤ መሬት ለመሬት በመንጋ የሚሄደው ዝንጀሮ።

ዝም ብሎ የቆመ ሰው ድኩላም ያያል። እዚህ ያለው በምኒልክ ስም የተሰየመው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረው ዝርያ ነው፤ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚጠጋ ቡናማ ሲሆን ጥላ ውስጥ ከቆመ በአሥር እርምጃ ርቀት ሊታለፍ ይችላል። ከወፎቹ ደግሞ አንዷን ልጥቀስ፤ ቅርንጫፍ ላይ ስትሮጥ አረንጓዴ ሆና ከቅጠሉ ጋር የምትመሳሰል፣ ክንፏን ዘርግታ ስትበር ግን በድንገት ደማቅ ቀይ የምታበራ፣ ጉንጯ ነጭ የሆነች ወፍ አለች። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ቀለም በዚህችና በዘመዶቿ ዘንድ ብቻ ይገኛል። ይህን ሁሉ ለማየት የሚያስፈልገው ዝምታ ነው። ስለዚህ ስፒከር ተሸክመው ደን የሚገቡ ቡድኖችን በወንድምነት እንለምናለን፤ ሙዚቃው አውቶቡሱ ውስጥ ይቆይ።

ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ዛፉ ያጥራል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ተክሉ በደረጃ ይለዋወጣል፤ ጽዱ ይሳሳል፣ ኮሶው ይበዛል፣ ቀጥሎ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ፣ በመጨረሻም ጭጋግ የሚያልብ፣ ቅርንጫፉ ላይ ሽበት የሚመስል ሽበቶ የተንጠለጠለበት አስታ ይመጣል። የወጨጫ አናት ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሦስተኛ እጅ ገደማ የሳሳ ነው፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ካላችሁ ባረፈ ማግስት አታውጡት፤ ሁለት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ላይ ይሰንብት።

አዎ፣ ጫፉም ያምራል፤ አልክድም። በምሥራቅ ከተማዋ ተዘርግታለች፣ ከኋላዋ የረር አለ። በደቡብ ምዕራብ የበቾ ሜዳ፣ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ጥቁር መሬት፣ አዋሽ ገና ልጅ ሳለ የሚያቋርጠው። አየሩ ሲጠራ በምዕራብ የደንዲና የወንጪ ተራሮች ይታያሉ። ግን ከዚያ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች፣ ወደ መጣችሁበት ተዳፋት ስታዩ የደኑ ወሰን በግልጽ ይለያል፤ እስከ ዳርቻው ድረስ ማሳው ገብቷል፣ በየቦታው የከሰል ጭስ ይነሣል። ጥበቃው ዛሬ የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ሥራ ነው። በዙሪያው የሚኖረው ገበሬ ከደኑ እንጨት፣ ሣርና ማር ይፈልጋል፤ ጥበቃ ብቻውን ይህን ጥያቄ አይመልስም። ከጎብኚው ኪስ የሚወጣው የአስጎብኚ ክፍያ ከመንደሩ ልጆች እጅ መግባቱ ግን ትንሽም ቢሆን ይረዳል።

ለሌላ ቀን

ዝቋላ 2,989 ሜትር ላይ፣ በአናቱ ሐይቅ ይዞ የተቀመጠ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው። መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ሕዝብ ይጥለቀለቅበታል፤ ደኑን ለማየት የሚሄድ ሰው ሌላ ቀን ይምረጥ፣ የገዳሙንም ሥርዓት ያክብር። ወንጪ ደግሞ በ2014 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል እስከ ሐይቁና እስከ ደሴቲቱ ቂርቆስ ድረስ በእንሰት መካከል የሚወርድ መንገድ አለው። ውበቱ አያከራክርም። ለዓይን ከሱባ ይበልጣል እንኳ። ቅር የሚለኝ አብዛኛው ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ ፎቶ አንሥቶ መመለሱ ነው።

አሁን የቀረው ቀን መምረጥ ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ አደይ አበባው ረግፎ፣ መሬቱ የደረቀበት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ በመጋቢት አቧራና ጭጋግ አድማሱን ይሸፍነዋል። ከተቻለ በሥራ ቀን ሂዱ። ረጅም ሱሪ፣ የሚነክስ ሶል ያለው ጫማ፣ ሁለት ሊትር ውኃ፣ ቆሎ ወይም በሶ ያዙ፤ የፕላስቲክ ኮዳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። በሩ ላይ ያሉትን ጠባቂዎች «አካም ጅርቱ?» ብላችሁ ሰላም በሉ፣ የመግቢያውን ክፈሉ፣ አስጎብኚ ቅጠሩ፤ የዛፉንም የወፉንም የአካባቢ ስም የሚያውቀው እሱ ነው። ጠዋት በ12 ሰዓት ጀምራችሁ ከሰዓት 9 ሰዓት ሳይሞላ ከደኑ ውጡ፤ ማታው የጅብ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ደግሞ ከጽዱ ሳታልፉ ተመለሱ። አናቱን ላላየ ሰው ሱባን አላየህም የሚለው የለም፤ ጽዱን ላላየ ግን እኔ እላለሁ።